የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፕሮግራሙ ሌላ፣ ፋይሉ ሌላ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ስለ ኮምፒውተርና ስለ ስልክ አፕሊኬሽኖች የተላኩ ናቸው። ላይ ላዩን ሲታዩ አይገናኙም፤ አንዱ ስለጠፋ ሰነድ፣ ሌላው ስለተበላ ዜሮ፣ ሌላው የማይመለከተውን ስለሚጠይቅ አፕ ነው። ስናያቸው ግን የአብዛኞቹ ሥር አንድ ሆኖ አገኘነው። ሲስተሙ፣ ፕሮግራሙና በፕሮግራሙ የተሠራው ፋይል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ጥያቄ፦ አዲስ ላፕቶፕ ገዝቼ ስከፍተው ዊንዶውስ አለው፤ ጽሑፍ ልጽፍ ስል ግን ዎርድ የለውም። ሻጩ «ዎርድ አፕሊኬሽን ስለሆነ ለብቻው ነው የሚጫነው» አለኝ። ሁለቱም ሶፍትዌር ከሆኑ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? ፕሮግራም፣ አፕሊኬሽን፣ አፕ የሚባሉትስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ሻጩ ልክ ነው። ሶፍትዌር የወል ስም ነው፤ ኮምፒውተር እንዲፈጽመው የተጻፈ ትእዛዝ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ከሥሩ ሁለት ወገን አለ። ሲስተም ሶፍትዌር የሚባለው ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ ማክ ኦኤስ፣ አንድሮይድ፣ አይኦኤስና እነሱን የመሰሉት፣ እንዲሁም ፕሪንተሩንና የድምፅ ካርዱን የሚያሠሩት ድራይቨሮች ናቸው። የእነዚህ ሥራ ማሽኑን ማስተዳደር ነው። አፕሊኬሽን ሶፍትዌር ደግሞ የሚያገለግለው እርስዎን ነው፦ ደብዳቤ ይጽፉበታል፣ ሒሳብ ይደምሩበታል፣ ፎቶ ያስተካክሉበታል፣ መልእክት ይላላኩበታል። «አፕ» የአፕሊኬሽን ማሳጠሪያ ነው፤ በስልክ ዘመን ስለተለመደ የስልኩ ብቻ መጠሪያ መሰለ እንጂ የኮምፒውተሩም ያው ነው። «መተግበሪያ» የአማርኛ ፍቺው ነው። «ፕሮግራም» ሁለቱንም ወገን ይጠራል፤ ሰው ግን በአብዛኛው አፕሊኬሽን ለማለት ይጠቀምበታል።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ እንዲታይ ዎርድ ላይ አንድ ፊደል ሲጫኑ የሚሆነውን እንከተል። የቁልፉን መነካት መጀመሪያ የሚያውቀው ዎርድ አይደለም። ኪቦርዱ የቁልፉን መለያ ቁጥር ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይልካል። ሲስተሙ በዚያች ቅጽበት ፊት ለፊት ያለው መስኮት የማን እንደሆነ አይቶ ለዚያ ፕሮግራም ያቀብላል። ዎርድ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፦ ፊደሉ የትኛው አንቀጽ ውስጥ እንደሚገባ፣ መስመሩ ሞልቶ ቃሉ ወደ ታች መውረድ እንዳለበት፣ ገጹ አልቆ ሌላ ገጽ መከፈት እንዳለበት ያሰላል። አስልቶ ሲጨርስ «እዚህ ቦታ ላይ ይህን አሳይልኝ» ብሎ መልሶ ለሲስተሙ ይሰጣል። ሴቭ ሲያደርጉም፣ ፕሪንት ሲያደርጉም እንዲሁ ነው፤ ዎርድ ዲስኩንም ፕሪንተሩንም በቀጥታ አይነካም፣ ሲስተሙን ይለምናል። ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ዶስ በሚባለው ሲስተም ዘመን የጽሑፍ ፕሮግራሞች ለየፕሪንተሩ የራሳቸውን ድራይቨር ይዘው ይመጡ ነበር፤ ፕሪንተርዎ ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አለቀ።

ለመለየት የሚረዳ ቀላል መፈተሻ አለ፦ ፕሮግራሙ ቢጠፋ ማሽኑ ይነሳል ወይ? የሚነሳ ከሆነ አፕሊኬሽን የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚመጡት ካልኩሌተር፣ ፔይንትና ብራውዘርም ቀድመው ስለተጫኑ ብቻ የሲስተሙ አካል አይሆኑም፤ አፕሊኬሽኖች ናቸው። አንቲቫይረስና ፋይል መጭመቂያ ግን መሃል ላይ ይቆማሉ፤ ዩቲሊቲ ይባላሉ፤ አንዳንዱ መጽሐፍ ወደ ሲስተሙ፣ አንዳንዱ ወደ አፕሊኬሽኑ ይመድባቸዋል። በዚህ ላይ መከራከር ትርፍ የለውም።

ሰው ማሽን የሚገዛው ለሲስተሙ ብሎ አይደለም። በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን የሒሳብ ሰንጠረዥ ለአፕል 2 ኮምፒውተር ባወጡ ጊዜ ብዙ ነጋዴ ኮምፒውተሩን የገዛው ያቺን አንዲት ፕሮግራም ፈልጎ ነበር። እርስዎም ላፕቶፑን ከመምረጥዎ በፊት «የምሠራበት ፕሮግራም የቱ ነው? በየትኛው ሲስተም ላይ ይሠራል? ስንት ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ይፈልጋል?» ብሎ መነሳት ይሻል ነበር። ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም ማክ ላይ አይነሳም፤ የአንድሮይድ አፕም አይፎን ላይ እንዲሁ። አዘጋጁ ለየሲስተሙ ለየብቻ መሥራት አለበት።

ጥያቄ፦ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስጽፍ ቆይቼ የላፕቶፔ ባትሪ ድንገት አለቀ። ስከፍተው ግማሹ የለም። ዎርድ ራሱ ሴቭ ያደርጋል ሲባል ሰምቼ ነበር። የተሳሳትኩት ምን ላይ ነው?

መልስ፦ «ራሱ ሴቭ ያደርጋል» የሚባለው ሁለት የተለያየ ነገር ስለሆነ ነው ያሳሳትዎት። የሚጽፉት ጽሑፍ ሴቭ እስኪደረግ የሚቀመጠው ራም ላይ ነው። ራም ፈጣን ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግን የያዘውን ሁሉ ይለቃል። ሴቭ ማለት ከራም ወደ ዲስክ መገልበጥ ነው።

ከግራ በላይ የሚታየው «አውቶሴቭ» የሚባለው ማብሪያ የሚሠራው ፋይሉ ዋንድራይቭ ወይም ሼርፖይንት በሚባሉት የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫዎች ላይ ከተቀመጠ ነው። ፋይሉ ያለው በራስዎ ዲስክ ላይ ከሆነ የሚሠራልዎት ሌላው፣ «አውቶሪከቨር» የሚባለው ነው፤ እሱ ደግሞ ካልተቀየረ በየ10 ደቂቃው ብቻ ነው የመጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጠው። ይህን ጊዜ ማሳጠር ይቻላል፦ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሴቭ» ውስጥ ገብተው 10 የሚለውን 2 ወይም 3 ያድርጉት። እዚያው ሥር «ሴቭ ሳላደርግ ብዘጋ የመጨረሻውን ቅጂ አቆይ» የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት ይኑርበት።

የጠፋውን ለመፈለግ ዎርድን ይክፈቱ፤ ከግራ በኩል የተረፉ ሰነዶች ዝርዝር ከመጣ የቅርብ ሰዓት ያለውን ከፍተው ወዲያው በሌላ ስም ሴቭ ያድርጉ። ዝርዝሩ ካልመጣ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ማኔጅ ዶክመንት»፣ «ሪከቨር አንሴቭድ ዶክመንትስ» ይበሉ። እዚያ ያለው ቅጂ ጊዜያዊ ነው፤ ነገ አየዋለሁ ብለው አይተዉት። አንዳንድ ሰው ደንግጦ ኦፊስን (ዎርድ የሚገኝበትን ጥቅል) አንኢንስቶል አድርጎ እንደገና ይጭናል። የጠፋው ፋይሉ እንጂ ፕሮግራሙ ስላልሆነ ጥቅም የለውም፤ ጭራሽ የተረፈውን ጊዜያዊ ቅጂ ሊያስጠፋ ይችላል።

ጥያቄ፦ የደንበኞቻችንን ስልክና የአካውንት ቁጥር ኤክሴል ላይ እመዘግባለሁ። ከስልኩ ፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል። 16 አሃዝ ያለው የአካውንት ቁጥር ደግሞ የመጨረሻው አሃዝ ወደ ዜሮ ይቀየርብኛል፤ አንዳንዱ ነጥብና ኢ ያለበት እንግዳ ቁጥር ይሆናል። ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበት ይሆን?

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም፤ ኤክሴል የተሠራበትን ሥራ በትክክል እየሠራ ነው። ችግሩ እርስዎ መለያ ሲያስገቡ እሱ የሒሳብ ቁጥር ነው ብሎ መቀበሉ ነው። በሒሳብ 0911 እና 911 አንድ ናቸው፤ ስለዚህ የፊቱን ዜሮ ይጥለዋል። አንድን ቁጥር የሚይዘው ደግሞ እስከ 15 አሃዝ ድረስ ብቻ ነው። ከ16ኛው ጀምሮ ያለውን በዜሮ ይተካዋል። ከ11 አሃዝ ያለፈውን ደግሞ አሳጥሮ በኢ ምልክት ያሳየዋል፤ ይህኛው የአለባበስ ለውጥ ብቻ ነው፣ ቁጥሩ ውስጥ ለውስጥ አልተነካም። የመጨረሻው አሃዝ ግን አንዴ ወደ ዜሮ ከተለወጠ በምንም ፎርማት አይመለስም፤ ከዋናው መዝገብ ላይ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል።

መከላከያው ቁጥሩ ከመጻፉ በፊት የሚደረግ ነው። ዓምዱን ከላይ ካለው ፊደሉ ይምረጡት፣ «ሆም» ላይ «ጄነራል» የሚለውን ሳጥን ከፍተው «ቴክስት» ያድርጉት፣ ከዚያ ይጻፉ። ለአንድ ለሁለት ሴል ብቻ ከሆነ ከቁጥሩ ፊት ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ማድረግ ይበቃል፤ ምልክቱ ሴሉ ላይ አይታይም። ከጻፉ በኋላ ወደ ቴክስት መቀየር የጠፋውን አይመልስም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ብቅ ቢልም «ቁጥር በጽሑፍ መልክ ተቀምጧል» ለማለት ነው፤ የፈለጉት እሱኑ ስለሆነ ይተዉት፣ «ኮንቨርት ቱ ነምበር» የሚለውን ግን አይጫኑ።

መረጃው ከሌላ ፕሮግራም በሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በኮማ በተለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) የሚመጣልዎት ከሆነ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርገው አይክፈቱት፤ ያኔ ኤክሴል ብዙ ጊዜ ሁሉንም በራሱ ግምት ይተረጉመዋል። ይልቅ ባዶ ኤክሴል ከፍተው «ዴታ» ውስጥ «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» በሚለው ያስገቡት፤ በዚያ መንገድ የትኛው ዓምድ ጽሑፍ እንደሆነ ከመጫኑ በፊት መወሰን ይችላሉ።

ቀንም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፦ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይነሳና ቀን በቀን ይቆጥራል፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ለእሱ 45292 ነው። ቀን ያለበት ሴል ድንገት እንዲህ ያለ አምስት አሃዝ ካሳየዎት የጠፋ ነገር የለም፤ ፎርማቱን ወደ «ዴት» ይመልሱት። (እግረ መንገዳችንን፦ ኤክሴል 1900ን ፌብሩዋሪ 29 ያላት ዓመት አድርጎ ይቆጥራል፤ እንዲህ ያለ ቀን አልነበረም። ሎተስ 1-2-3 ከሚባለው የቀድሞ ፕሮግራም ጋር እንዲጣጣም ሲባል ስህተቱ አብሮ ተወረሰ።) «3/4» ብለው ክፍልፋይ ሲጽፉም ቀን ያደርገዋል። የዘር ቅንጣት ተመራማሪዎች «ማርች1» የሚባል የዘር ቅንጣት ስም በጻፉ ቁጥር ኤክሴል የማርች ወር አንደኛ ቀን እያደረገ ስላስቸገራቸው፣ ስም አውጪው ኮሚቴ በ2020 ስሙን «ማርችኤፍ1» ብሎ ቀይሮታል። ፕሮግራሙ አልቀየር ሲል ሳይንሱ ስሙን ቀየረ ማለት ነው።

መዝገብዎ እያደገ ከሆነ ይህንንም ይወቁ። አሁን ያለው ኤክሴል በአንድ ገጽ 1,048,576 ረድፍና 16,384 ዓምድ ይይዛል። ከ2007 በፊት የነበረው፣ ስሙ በኤክስኤልኤስ የሚያልቀው የድሮ ፋይል ግን የሚይዘው 65,536 ረድፍ ብቻ ነው። በ2020 የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት የላቦራቶሪ ውጤቶችን በዚህ አሮጌ ፎርማት ሲያሳልፍ ከገደቡ ያለፈው ተቆርጦ 15,841 የኮቪድ ተጠቂዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጪ ቀሩ። ለጥቂት መቶ ደንበኞች ኤክሴል ይበቃል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት፣ ማን መቼ ምን እንደቀየረ መታወቅ ያለበት መዝገብ ከሆነ ግን ቦታው ዳታቤዝ፣ ማለትም ለመዝገብ አያያዝ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ነው። ኤክሴልን በግድ ዳታቤዝ ማድረግ የሚቻል ይመስላል፤ እስከ አንድ ቀን ድረስ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ሲሞላብኝ ከዴስክቶፕ ላይ ስድስት ጌሞች ደሊት አደረግሁ። ቦታው ግን አልጨመረም።

መልስ፦ ያጠፉት ሾርትከቱን ነው፤ እሱ ወደ ፕሮግራሙ የሚጠቁም ጥቂት ኪሎባይት ፋይል ነው። ምልክቱ ግራ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ቀስት ናት። ፕሮግራሙ ያለው «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። እሱንም ቢሆን ፎልደሩን በእጅ መሰረዝ ልክ አይደለም፤ ሲጫን ሌላ ቦታ የበተናቸው ፋይሎችና በሬጂስትሪ (ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን ቅንብር በሚይዝበት መዝገብ) ውስጥ ያስመዘገባቸው ነገሮች አሉ። «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ»፣ «ኢንስቶልድ አፕስ» (በዊንዶውስ 10 «አፕስ ኤንድ ፊቸርስ») ገብተው ከስሙ አጠገብ «አንኢንስቶል» ይበሉ።

ስልክ ላይም ተጠንቀቁ፦ አንድሮይድ ላይ አይኮኑን ወደ «ሪሙቭ» መጎተት ከፊት ገጽ ያነሳዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው «አንኢንስቶል» ነው። አይፎን ደግሞ «ኦፍሎድ አፕ» የሚባል ሦስተኛ መንገድ አለው፤ ፕሮግራሙን አውጥቶ ፋይሎችዎን ያስቀራል፣ መልሰው ሲጭኑት ከነበሩበት ይቀጥላሉ። ፕሮግራምና ፋይል ለየቅል መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ጥያቄ፦ አንድ ፕሮግራም ጭኜ ስከፍተው «ኤምኤስቪሲፒ140 ዲኤልኤል አልተገኘም» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ያንን ዲኤልኤል በነጻ የሚያወርዱ ገጾች አሉ። ላውርደው?

መልስ፦ አያውርዱ። ዲኤልኤል ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የኮድ ፋይል ነው። የጠቀሱት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለ መሣሪያ የተሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት ነው፤ ጥሩ ኢንስቶለር ከራሱ ጋር ያመጣዋል፣ ሰነፉ «ቀድሞ አለ» ብሎ ያልፈዋል። ከማይታወቅ ገጽ የሚወርድ ነጠላ ዲኤልኤል ሥሪቱ የተለየ ሊሆን ይችላል፣ ውስጡ ሌላ ነገር ተጨምሮበትም ሊሆን ይችላል። ትክክል ቢሆን እንኳ ጓደኞቹ ስለሌሉ ቀጥሎ «ቪሲራንታይም140» የለም የሚል መልእክት ይመጣል።

መድኃኒቱ ከማይክሮሶፍት ገጽ ላይ «ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩታብል» የሚባለውን ሙሉ ጥቅል መጫን ነው። ኤክስ64 እና ኤክስ86 የሚባሉ ሁለት ዓይነት አሉት። ዊንዶውስዎ ባለ 64 ቢት ቢሆንም ፕሮግራሙ ባለ 32 ቢት ከሆነ የሚፈልገው ኤክስ86ን ነው። አንዱን ብቻ ጭኖ «አልሠራም» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ሁለቱንም ይጫኑ፣ ሪስታርት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የባትሪ መብራት አፕ ስልኬ ላይ ልጭን ስል የካሜራ፣ የአድራሻ ዝርዝርና የቦታ ፈቃድ ጠየቀኝ። ይህ ሁሉ ለመብራት ለምን ያስፈልገዋል? በተጨማሪ ስልኬ ሲሞላ «ክሊር ካሽ» እና «ክሊር ዴታ» የሚሉ አያለሁ፤ የቱን ልጫን?

መልስ፦ አፕ ከሲስተሙ ሳያስፈቅድ ካሜራዎን፣ ማይክሮፎንዎን ወይም የስልክ ዝርዝርዎን አይነካም፤ የሚያዩት ጥያቄም ከአፕ ይምጣ እንጂ በሩን የሚጠብቀው አንድሮይድ ነው። እስከ 2015 ድረስ፣ ማለትም አንድሮይድ 6.0 እስኪመጣ፣ ሁሉንም ፈቃድ ሲጭኑ በአንድ ላይ ይቀበላሉ ወይም አይጭኑም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ መከልከል ይቻላል።

የካሜራው ፈቃድ በአሮጌ ስልኮች ላይ ምክንያት ነበረው፦ መብራቱ የካሜራው አካል ስለሆነ ካሜራውን ሳይከፍቱ ማብራት አይቻልም ነበር። ከአንድሮይድ 6.0 ጀምሮ ግን ያለ ካሜራ ፈቃድ ማብራት ይቻላል። የአድራሻ ዝርዝርና ቦታ በየትኛውም ዘመን ከመብራት ጋር አይገናኙም፤ መረጃ ሰብስቦ ለማስታወቂያ ለመጠቀም ካልሆነ በቀር። ስልክዎ ከላይ ወደ ታች ሲስቡት የሚመጣ መብራት ስላለው አፑ ራሱ አያስፈልግዎትም። ለሌሎቹ አፖች «ይህ ፈቃድ የትኛውን ሥራ ሊሠራልኝ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልስ ካላገኙ ይከልክሉት። የከለከሉት በእርግጥ የሚያስፈልገው ከሆነ አንድ ቁልፍ አልሠራ ይልና ራሱ መልሶ ይጠይቅዎታል። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ «ለዚህ ጊዜ ብቻ» የሚል ምርጫም አለ፤ ለወራት ያልተከፈተ አፕ ላይ ደግሞ ሲስተሙ ፈቃዱን ራሱ ይነጥቀዋል።

ካሽ ማለት አፑ ቶሎ እንዲከፍት ብሎ ያስቀመጣቸው ሥዕሎችና ገጾች ናቸው፤ ቢጠፉ መልሶ ያወርዳቸዋል፣ የሚጎዳዎት የኢንተርኔት ፍጆታ ብቻ ነው። «ክሊር ዴታ» (በአንዳንድ ስልክ «ክሊር ስቶሬጅ») ግን አፑን እንደ ተወለደበት ቀን ያደርገዋል፦ ከአካውንት ያስወጣዎታል፣ ያልተላከ ረቂቅ ይጠፋል፣ ስልኩ ላይ ብቻ የተቀመጠ ማስታወሻ ካለ አይመለስም። ለቦታ ብለው ከሆነ ካሽን ብቻ ይንኩ። ዴታ የሚጸዳው አፑ አልከፈት ሲልና የጻፉት ሌላ ቦታ ቅጂ እንዳለው ሲያረጋግጡ ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የጻፍኩት ሰነድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሳጥን ሳጥን ይሆናል። አንድ የድሮ ሰነድ ደግሞ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ መጣ። ሁለቱ አንድ ችግር ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፤ የሚታየው ምልክት ራሱ በሽታውን ይናገራል። ሳጥን ካዩ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው፣ ዩኒኮድ በተባለው የጋራ ሥርዓት ተጽፏል፣ ያ ኮምፒውተር ግን ፊደሎቹን የሚስል ፎንት የለውም። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቁጥር አግኝቷል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋርም ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፎንት አብሮ መጣ። የግዕዝ ፎንት ሲጫን ሳጥኑ ወደ ፊደል ይመለሳል።

የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ ሰነዱ የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች ነው። እነዚያ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የግዕዝ ቅርጽ ያለብሱ ስለነበር ፎንቱ ሲወልቅ ውስጡ ይገለጣል። የተጻፈበትን ያንኑ ፎንት መጫን ለማንበብ ይበቃል፤ ለመፈለግና ለመቅዳት ግን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር መሣሪያ ማሳለፍ ግድ ነው።

ለሌላ ሰው ሲልኩ፣ ተቀባዩ እንዲያነበው ብቻ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርገው ይላኩ። ፒዲኤፍን አዶቤ በ1993 አወጣው፤ በ2008 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆኗል፤ ዎርድ ሰነዱን ወደ ፒዲኤፍ ሲቀይር ፎንቱን አብሮ ያሽገዋል። እንዲያርመው ከሆነ ዎርድ ላይ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሴቭ» ገብተው «ኢምቤድ ፎንትስ» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። አንድ ጠቃሚ ነገር እንጨምር፦ ከ2007 ወዲህ ያለው የዎርድ ፋይል፣ ስሙ በዶክኤክስ የሚያልቀው፣ በእውነቱ የታሸገ ዚፕ ነው። ቅጂውን ወስደው የስሙን ጭራ ወደ ዚፕ ቢቀይሩትና ቢፈቱት «ዎርድ» ከሚለው ፎልደር ሥር «ሚዲያ» ውስጥ ሥዕሎቹን ሁሉ በየፋይላቸው ያገኟቸዋል። ሰነዱ ተበላሽቶ አልከፈት ሲል ፎቶዎቹን ለማትረፍ ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ለአንድ ሥራ ፕሮግራም ያስፈልገኛል። በየወሩ የሚከፈልበት አለ፣ አንዴ የሚገዛ አለ፣ በነጻ የሚወርድ አለ፣ ክራክ የተደረገም (የክፍያ ቁልፉ የተሰበረ) ሰዎች ይሰጡኛል። የትኛው ያዋጣል?

መልስ፦ ክራኩን አስቀድመን እናውጣው። ሕጉን ትተን በአሠራሩ ብቻ ብናየው፣ ክራክ «አንቲቫይረሱን አጥፋ፣ አድሚኒስትሬተር ሆነህ አስነሳኝ» ይልዎታል። ማንነቱን ለማያውቁት ሰው የቤትዎን ቁልፍ ሰጥተው ዘበኛውንም አሰናበቱ ማለት ነው። በዚያ ላይ አፕዴት ሲደረግ ስለሚፈርስ አፕዴቱን ያጠፉታል፤ የደኅንነት ቀዳዳው እንደተከፈተ ይኖራል።

በየወሩ የሚከፈለው አፕዴቱ የማይቋረጥ ነው፤ ክፍያው ሲቆም ግን ፕሮግራሙም ይቆማል። ማይክሮሶፍት 365 ለምሳሌ ውሉ ሲያበቃ ሰነድዎን ከፍቶ ማየትና ፕሪንት ማድረግ ይፈቅዳል፣ ማረምና አዲስ መጻፍ አይፈቅድም። አዶቤ ከ2013 ጀምሮ ዋና ዋና ፕሮግራሞቹን ወደዚህ አዙሯል። አንዴ የሚገዛው ለዓመታት ያገለግላል፤ የድጋፍ ዘመኑ ሲያልፍ ግን የደኅንነት እርማት አይመጣለትም። በሁለቱም የገዙት ላይሰንሱን፣ ማለትም የመጠቀም ፈቃዱን ነው፤ ፕሮግራሙ የእርስዎ ንብረት አይሆንም። ስንት ኮምፒውተር ላይ መጫን እንደሚቻል፣ ለንግድ ሥራ ይፈቀድ እንደሆነ ውሉ ላይ ያንብቡ፤ ቀሪውን ማንም አያነበውም፣ እነዚህን ሁለቱን ግን ያንብቡ።

በነጻ የሚወርደውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዋጋውን በማስታወቂያ ወይም በመረጃዎ ያስከፍላል፣ ወይም ግማሹን ሥራ ቆልፎ ያስቀምጣል። ሌላው ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ሥራው አይቆለፍም። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሊብረኦፊስ፣ ለፎቶ ጊምፕ፣ ለቪዲዮ ቪኤልሲ ከዚህ ወገን ናቸው። ሊብረኦፊስ የዎርድና የኤክሴልን ፋይል ይከፍታል፤ ቀለል ያለው ሰነድ በደንብ ይመጣል፣ ማክሮ የሚባል በሰነዱ ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝና የተወሳሰበ ሰንጠረዥ ያለበት ግን ቅርጹ ሊፈርስ ይችላል። አብረዎት የሚሠሩት ሁሉ ዎርድ ላይ ከሆኑና ሰነዱ በቀን አምስት ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ ያንኑ መያዝ ያዋጣል። ብቻዎን ከሆኑ ኦፕን ሶርሱን ለሁለት ሳምንት በእውነተኛ ሥራ ይሞክሩት።

ከመክፈልዎ በፊት አንድ ነገር ይፈትሹ፦ ፕሮግራሙ ሥራዎን ሌላ ፕሮግራም በሚያነበው ፎርማት ያወጣል ወይ? «ኤክስፖርት» ወይም «ሴቭ አዝ» ውስጥ የሚታወቅ ፎርማት ከሌለ፣ ፕሮግራሙን የተዉ ዕለት ሥራዎም እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ኤክሴል በየጊዜው ስታክ ያደርግና «ኖት ሬስፖንዲንግ» ይላል። ወዲያው ልዝጋው ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ ጽሑፉን የሚያወጣው ዊንዶውስ ነው፤ ፕሮግራሙ ለአምስት ሰከንድ ያህል ለመልእክት መልስ ካልሰጠ ይለጥፍበታል። ሞቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ትልቅ ፋይል እያሰላ ወይም ሴቭ እያደረገ ሊሆን ይችላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አብረው ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱና ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ አስሊ ክፍል) እና ዲስክ የሚሉትን ዓምዶች ይዩ። ቁጥሩ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡት። ዜሮ ላይ ተገትሮ ከቀረ ግን «ኤንድ ታስክ» ይበሉ፤ ከመጨረሻው ሴቭ ወዲህ ያለው እንደሚሄድ አውቀው።

የሚደጋገም ከሆነ ኮንትሮልን ተጭነው ይዘው የኤክሴልን አይኮን ይክፈቱ፤ በሴፍ ሞድ ይነሳ እንደሆነ ይጠይቅዎታል። በሴፍ ሞድ ደኅና ከሠራ ጥፋተኛው ተጨማሪ ሆኖ የተጫነ አድ-ኢን ነው፤ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድ-ኢንስ» ውስጥ አንድ በአንድ እያጠፉ ይለዩት። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላው ምክንያት ፕሪንተር ነው። ኤክሴልና ዎርድ የገጹን ስፋት ለማወቅ ዋናውን ፕሪንተር ይጠይቃሉ፤ ያ ፕሪንተር በኔትወርክ ላይ ያለና የጠፋ ከሆነ መልስ ሲጠብቁ ይገተራሉ። ዋናውን ፕሪንተር ለጊዜው ወደ «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ቀይረው ይሞክሩት።